የኋላ ፍሬን የፊት ፍሬን አይደለም
ሸራ በገዛ እጃቸው ለመቀየር ለሚያስቡ የፍራንክፈርት ባለመኪኖች

በጀርመን አገር የሚነዳ መኪና ሁሉ ከኋላ ታርጋው ላይ አንዲት ክብ ባለቀለም ምልክት አለችው። በመካከሏ ዓመቱ፣ በአናቷ በኩል ደግሞ ወሩ ይነበባል። ሀገር ቤት ቦሎ ከሚባለው ጋር የምትመሳሰለው ይህች ምልክት በሕዝቡ አፍ በደፈናው «ቲውፍ» ትባላለች፤ ምርመራውን የሚያካሂዱት ግን ቲውፍ ብቻ ሳይሆን ዴክራና ሌሎችም ድርጅቶች ናቸው። የግል መኪና በየ24 ወሩ፣ ታክሲ ደግሞ በየ12 ወሩ ለምርመራ ይቀርባል።

ወሩ ሲቃረብ ታዲያ ከጋራዥ በሚመጣው ወረቀት ላይ ደጋግመው ከሚታዩት ነገሮች አንዱ የኋላ ፍሬን ነው። ሸራው አልቋል፤ ዲስኩ ዝጓል፤ የእጅ ፍሬኑ በአንድ በኩል ብቻ ይይዛል። ከሥሩ የሚጻፈው ሒሳብም የወሩን ወጪ ከቤት ኪራይ ጀምሮ ሀገር ቤት እስከሚላከው ድረስ አስልቶ ለሚኖር ቤተሰብ ቀላል አይደለም። በመኪና አምራቾች ወኪል ጋራዥ የአንድ ሰዓት የእጅ ዋጋ ከ100 ዩሮ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። የሸራው ዋጋ ግን ለተራ መኪና ጥቂት አሥር ዩሮዎች ብቻ ነው። «ይህንንማ እኔም እሠራዋለሁ» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። ባለመኪናው የራሱን መኪና ፍሬን በራሱ እጅ እንዳይቀይር የሚከለክል ሕግ የለም። ትዕግሥትና ደህና መሣሪያ ላለው ሰው ሥራው የግማሽ ቀን ነው። ችግሩ የሚጀምረው የፊት ሸራ ቀይሮ የሚያውቅ ሰው «ያንኑ ከኋላ መድገም ነው» ብሎ ሲነሳ ነው። ልምዱ ያደፋፍረዋል፤ የኋላው ፍሬን ግን ከፊቱ የተለየ ጠባይ አለው። ይህን ሳያውቁ የጀመሩት ሥራ 50 ዩሮ የሚያወጣውን ሸራ ትቶ ብዙ መቶ ዩሮ የሚያወጣውን ዕቃ ይሰብራል። ከዚያም የከፋው ሳይሰበር የተበላሸው ነው፤ እሱ የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ነውና።

ሁለት ጌታ ያለው እግር

በፍሬን ታሪክ ፍራንክፈርት የራሷ ስም አላት። በ1906 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አልፍሬድ ቴቬስ የተባለ ሰው በዚህች ከተማ ድርጅት አቋቋመ። ዛሬ በየመለዋወጫ ሱቁ የሚገኘው «አቴ» የተባለው የፍሬን ዕቃ መጠሪያ ከእሱ ስም የተቀዳ ነው። ይኸው ድርጅት ያቀረበው በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሬን በ1926 ለሕዝብ በታየው «ስታንዳርድ 6» በተባለው መኪና ላይ ተገጠመ። መኪናውን የሠራው አድለርም የፍራንክፈርት ፋብሪካ ነበር። ሁለቱም ከዋናው ባቡር ጣቢያ በስተምዕራብ ባለው በጋሉስ ሰፈር፣ ዛሬ ከየአገሩ የመጣ ስደተኛ በሚኖርበት ሠፈር፣ ሠርተዋል። ቴቬስ በ1967 ለአሜሪካው አይ.ቲ.ቲ.፣ በ1998 ደግሞ ለኮንቲኔንታል ተላልፏል።

ከዘይት ፍሬን በፊት የሹፌሩን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያደርሰው ገመድና የብረት ዘንግ ነበር። ዘይቱ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ፤ እግር ፔዳሉን ሲረግጥ በቱቦ ውስጥ የተዘጋው ዘይት ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑ ሸራውን በዲስኩ ላይ ይጨምቃል፣ መኪናው ይቆማል። የፊት ፍሬን ሥራው በአብዛኛው ይኸው ነው። ሸራው ሲያልቅ ፒስተኑን ወደ ጎድጓዳው መልሶ ገፍቶ አዲሱን ሸራ ማስገባት ይበቃል።

የድሮው ገመድ ግን ጨርሶ አልጠፋም። መኪና የእግሩ ፍሬን ቢከዳ የሚይዘው፣ ቆሞም እንዳይንሸራተት የሚጠብቀው ሌላ ፍሬን እንዲኖረው ሕግ ያዛል። ይህ የእጅ ፍሬን በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ የተቀመጠው በኋላው እግር ነው። ስለዚህ የኋላው እግር ሁለት ጌታ አለው፤ አንዱ ዘይት፣ ሌላው ገመድ ወይም ሞተር። ሸራ ቀያሪው ሁለቱንም ካላወቃቸው አንዱን ሲያስደስት ሌላውን ይሰብራል።

አራት ዓይነት መኪና፣ አራት ዓይነት አሠራር

ጎማ ከመፈታቱ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ «የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን የት ነው ያለው?» የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ገመዱ በቀጥታ ካሊፐሩ ላይ፣ ማለትም ሸራዎቹን አቅፎ በሚይዘው ብረት ላይ የሚታሰርበት ነው። ብዙ የጎልፍ መኪኖች እንዲህ ናቸው። በነዚህ መኪኖች ፒስተን ውስጥ የብሎን ጥርስ ያለው ዘንግ አለ፤ ሸራው እየሳሳ ሲሄድ ፒስተኑ በዚያ ጥርስ ላይ ራሱን እያስተካከለ ይወጣል። ይህን ፒስተን እንደ ፊቱ በፒንሳ ወይም በመጭመቂያ በግድ ወደ ውስጥ መግፋት ጥርሱን ያበላሻል። የሚመለሰው እየተጫነ በመጠምዘዝ ነው። ለዚህ የተሠራ መሣሪያ በዕቃ ሱቆች በርካሽ ይገኛል። አብዛኛው ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል፤ የግራና የቀኝ ጎማው አቅጣጫ የሚለያይባቸው መኪኖችም ስላሉ የመኪናውን የጥገና መጽሐፍ ማየት ግድ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት በድሮዎቹ መርሴዲሶችና በብዙ የቢ.ኤም.ደብልዩ መኪኖች የሚታየው ነው። እዚህ የእጅ ፍሬኑ ለብቻው ተለይቶ በዲስኩ መካከል ባለ ትንሽ ታምቡር ውስጥ ተቀምጧል። የእግር ፍሬኑ ፒስተን ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ ይገፋል። ባለቤቱ መርሳት የሌለበት ነገር ቢኖር የውጪው ሸራ ተቀየረ ማለት የእጅ ፍሬኑ ሸራ ተቀየረ ማለት አለመሆኑን ነው።

ሦስተኛው ዓይነት በመሪው አካባቢ የሚሳብ ማንሻ የሌለው፣ የእጅ ፍሬኑ በአዝራር የሚታዘዝ ነው። በ2005 የወጣው የቮልክስዋገን ፓሳት ይህን አሠራር ወደ መካከለኛ ዋጋ መኪኖች ካመጡት አንዱ ነው። ካሊፐሩ ጀርባ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር አለ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሞተሩ በኮምፒውተር ወደ ጥገና ሁኔታ መግባት፣ ሲያልቅም መመለስ አለበት። ይህ መሣሪያ የሌለው ሰው ፒስተኑን ቢታገለው ሞተሩን ያቃጥላል፤ ከዚያም በላይ ጣቱ መካከል ላይ ሳለ ሞተሩ ቢነሳ ጣቱን ያጣል።

አራተኛው በተለይ አሮጌ መርሴዲስ ለሚገዙ ነው። ከ2002 እስከ 2006 ድረስ በወጡት የኢ ክላስ መኪኖች የእግር ፍሬኑም በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነበር። በግንቦት 2004 ኩባንያው በዚሁ ሥርዓት ምክንያት 680,000 ያህል መኪኖችን ለምርመራ ጠርቷል፤ በ2006 በታደሰው ሞዴልም ወደ ተለመደው ፍሬን ተመልሷል። የዚህ መኪና ጠባይ በሩ ሲከፈት ወይም ቁልፉ ሲነካ ብቻውን ግፊት መፍጠሩ ነው። በትክክለኛው መሣሪያ ሳይጠፋ ሸራ ለማውጣት እጅ ማስገባት እጅን አሳልፎ መስጠት ነው። ይህን መኪና ለባለሙያ መተው ብልህነት ነው።

መኪናውን ምን ይይዘዋል?

በኋላ ፍሬን ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ ሰውን የሚጎዳው ፒስተኑ ሳይሆን ክሪኩ ነው። የፊት ጎማ ሲፈታ የእጅ ፍሬን ይሳባል፤ የኋላው ጎማ መሬት ላይ ስላለ መኪናው አይነቃነቅም። የኋላው ፍሬን ሲፈታ ግን የእጅ ፍሬኑ መለቀቅ አለበት። መኪናው ከኋላ የሚነዳ ከሆነ፣ እንደ አሮጌዎቹ መርሴዲስና ቢ.ኤም.ደብልዩ፣ ማርሽ ውስጥ ማስገባትም ብዙ አይረዳም፤ ማርሹ የሚይዘው በአየር ላይ የተንጠለጠለውን ጎማ ነውና። በዚህ ጊዜ መኪናውን የሚይዘው ከሁለቱም የፊት ጎማዎች ፊትና ኋላ የሚደረገው ታኮ ብቻ ነው። ድንጋይ ታኮ አይሆንም።

ቦታው ሜዳና ጠንካራ መሆን አለበት። የጎማው ብሎን መኪናው ሳይነሳ ላላ ይደረጋል። ከሻንጣ ማስቀመጫው የሚወጣው ክሪክ ጎማ ለመለወጥ ብቻ የተሠራ ነው፤ መኪናው ከተነሳ በኋላ በብረት መደገፊያ እግር ላይ መቀመጥ አለበት። መኪና በክሪክ ብቻ ቆሞ ሳለ ከሥሩ የሚገባ ሰው ሕይወቱን ለ30 ዩሮ ዕቃ አሲዟል።

ከሸራ እስከ ፔዳል

ሥራው በአንድ ጊዜ በአንድ ጎማ ነው። ሌላኛው ሳይፈታ ከቆየ ለረሳ ሰው እንደ ሥዕል ያገለግላል። ካሊፐሩ ሲፈታ በፍሬን ቱቦው ላይ አይንጠለጠልም፤ በሽቦ ወይም በገመድ ከመኪናው አካል ጋር ይታሰራል። ቱቦው በክብደት ከተጎተተ ውስጡ ሊቀደድ ይችላል፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ምንም የሆነ አይመስልም።

ሸራው የሚቀመጥበት ቦታ በሽቦ ቡሩሽ ይጸዳል። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች በጣት ሲገፉ ካልሄዱ አዲሱ ሸራ በአንድ ወገን ብቻ ያልቃል፤ ስለዚህ ይጸዱና ለፍሬን በተሠራ ግሪስ ይቀባሉ። የሞተር ዘይት እዚህ ቦታ የለውም። በሸራው ፊትና በዲስኩ ላይ ምንም ዓይነት ቅባት መንካት የለበትም። ከአዲስ አበባ ጋራዥ የመጣ ልማድ ሆኖ የፍሬን አቧራን በኮምፕረሰር ወይም በአፍ እፍ ማለት አለ። ጀርመን አስቤስቶስን በ1993፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2005 ቢከለክሉም፣ የዛሬውም አቧራ ለሳንባ አይበጅም። በፍሬን ማጽጃ ወይም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

ዲስኩም ይለካል። ጠርዙ ወይም መካከሉ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት በሚሊ ሜትር ተቀርጿል፤ ከዚያ በታች ከወረደ አዲስ ሸራ ማድረግ አሮጌ ጫማ ላይ አዲስ ክር ማሰር ነው። ሸራም ሆነ ዲስክ ሁልጊዜ በግራና በቀኝ በአንድነት ይለወጣል።

ፒስተኑ ሲመለስ ዘይቱ ወደ ላይ ይመጣል። የማጠራቀሚያው ክዳን ሥር ቀድሞ ካልታየ ሊፈስ ይችላል፤ የፍሬን ዘይት ደግሞ የመኪና ቀለም ይልጣል። ካሊፐሩን የሚይዙ ብሎኖች በብዙ መኪኖች አንዴ ከተፈቱ በአዲስ ይተካሉ፤ ብዙ ጊዜም ከሸራው ጋር በካርቶኑ ውስጥ ይመጣሉ። ሁሉም ብሎን በመጽሐፉ በተጻፈው ጉልበት ይጠበቃል፤ ለዚህ ጉልበት የሚለካ ቁልፍ ያስፈልጋል። የጎማው ብሎንም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ይፈተሻል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ፒስተኑ ወደ ኋላ ስለተገፋ የመጀመሪያው የፔዳል እርግጫ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ሞተር ከመነሳቱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግሞ መረገጥ አለበት። ይህን ረስቶ ከግቢ የወጣ ሰው የመጀመሪያውን ፍሬን የሚይዘው መንገድ ላይ ይሆናል፤ ፍሬኑም አይኖርም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት እዚህ ላይ ቀልድ መሆኑ ይቀራል። ፔዳሉ ተደጋግሞ ተረግጦም እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ መኪናው አይነዳም፤ በሌላ መኪና ተጭኖ ወደ ጋራዥ ይሄዳል።

የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች፣ አስገዳጅ ነገር ካልመጣ በስተቀር፣ ከባድ ድንገተኛ ፍሬን አለመያዝ አዲሱ ሸራ ከዲስኩ ጋር እንዲላመድ ይረዳል።

ዕቃው በስሙ ይጠራ

በአማርኛ የጋራዥ ቋንቋ ብዙው ከጣሊያን የመጣ ነው፤ ፍሬን፣ ክሪክ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ታኮ። ጀርመን አገር ዕቃ ሱቅ የገባ ሰው ግን ሌላ መዝገበ ቃላት ያስፈልገዋል። ሸራው ብሬምስበላግ፣ ዲስኩ ብሬምስሻይበ፣ ካሊፐሩ ብሬምስዛተል፣ የእጅ ፍሬኑ ሀንትብሬምዘ ይባላል። ጉልበት የሚለካው ቁልፍ ድሬሞመንትሽሉሰል ነው።

ትክክለኛው ሸራ የሚገኘው በመኪናው ስም ብቻ አይደለም፤ አንድ ሞዴል ሁለትና ሦስት ዓይነት ፍሬን ሊኖረው ይችላል። ሻጩ የሚፈልገው በመኪናው የምዝገባ ወረቀት ላይ በ2.1 እና በ2.2 የተጻፉትን ቁጥሮች ነው። ወረቀቱን ይዞ መሄድ ዕቃ ከመመላለስ ያድናል።

ሸራው ጀርባ ላይ በክብ የተከበበ የላቲን «ኢ» ፊደል ከቁጥር ጋር፣ ቀጥሎም 90 ቁጥርን የያዘ መለያ ሊኖር ይገባል። ይህ ሸራው በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 90 መሠረት መፈተኑን ያሳያል፤ ከ«ኢ» ፊደሉ አጠገብ ያለው ቁጥር 1 ከሆነ ፈቃዱ የተሰጠው በጀርመን ነው። ምልክት የሌለውን ሸራ ከማያውቁት ሻጭ በርካሽ መግዛት መኪናውን በመንገድ ላይ የመንቀሳቀስ ፈቃዱን ሊያሳጣ፣ አደጋ ሲደርስም ከኢንሹራንስ ጋር ሊያጣላ ይችላል።

የት ይሠራ? ማን ይሥራ?

በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው አስቀድሞ የቤቱን ደንብ ማንበብ አለበት፤ በግቢና በጋራ ጋራዥ ውስጥ መኪና መጠገን የሚከለክሉ ደንቦች ብዙ ናቸው። የሕዝብ መንገድም ጋራዥ አይደለም፤ ድንገት የተበላሸን መኪና ከማስነሳት ያለፈ ሥራ ቅጣት ሊያመጣ ይችላል። የፍሬን ዘይት ወደ አፈር ወይም ወደ ፍሳሽ መውረጃ ከገባማ ነገሩ የአካባቢ ብክለት ይሆናል። አሮጌው ዘይት በጠርሙስ ተዘግቶ ወደ ከተማው የአደገኛ ቆሻሻ መሰብሰቢያ ይወሰዳል። እሑድ ደግሞ የዕረፍት ቀን ነው፤ መዶሻ ሲሰማ ጎረቤት ስልክ ያነሳል።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔው ሚትቬርክሽታት የሚባለው የኪራይ ጋራዥ ነው። ሰውየው ቦታውን፣ መኪና ማንሻውንና መሣሪያውን በሰዓት ተከራይቶ ራሱ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜም የሚጠየቅ ባለሙያ በአቅራቢያው አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የኋላ ፍሬን ለሚፈታ ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አይገኝም።

በማኅበረሰቡ ውስጥ ሀገር ቤት መካኒክ የነበሩ፣ እጃቸው የተመሰከረላቸው ሰዎች አሉ። ወንድም ለወንድሙ፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ ያለ ትርፍ ቢረዳ በ2004 የወጣው የሕገ ወጥ ሥራ መከላከያ ሕግ አይቃወምም። በየሳምንቱ በክፍያ የሚሠራ ከሆነ ግን የመኪና ጥገና በጀርመን የማስተር ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ስለሆነ ሠሪውም አሠሪውም ይጠየቃሉ። ፍሬኑ ከዳ ቢባል ደግሞ ደረሰኝ የለ፣ ዋስትና የለ፣ የሚጠየቅ የለ፤ ሁለት ወዳጆች ይጣላሉ፣ አንዱም ሆስፒታል ይተኛል።

እነዚህን ሰዎች የሚጠቅመው በጨለማ ማሠራት ሳይሆን ሙያቸውን ወደ ብርሃን ማውጣት ነው። ከሚያዝያ 2012 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ በውጭ አገር የተገኘ የሙያ ትምህርት ከጀርመኑ ጋር ተነጻጽሮ እንዲታወቅ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ለመኪና መካኒክ ጥያቄው የሚቀርበው ለእጅ ባለሙያዎች ምክር ቤት፣ ጀርመኖቹ ሀንድቨርክስካመር ለሚሉት ነው። የሀገር ቤት የሥራ ልምድም ይቆጠራል፤ የጎደለው በተጨማሪ ሥልጠና ይሟላል።

የመጨረሻው ዳኛ

ሸራውን ማንም ይቀይረው ማን፣ የሠራው ሰው ብቻውን ዳኛ መሆን የለበትም። የመርማሪ ድርጅቶቹ ጣቢያዎች ጎማው በሮለር ላይ እየዞረ የእያንዳንዱን ፍሬን ጉልበት ለብቻው የሚለካ ማሽን አላቸው፤ የእጅ ፍሬኑንም በግራና በቀኝ ይለካል። በጥቂት ክፍያ የሚገኘው ይህ ልኬት ዓይን የማያየውን ይናገራል። በምርመራው ቀን ከባድ ጉድለት የተገኘበት መኪና ተጠግኖ በአንድ ወር ውስጥ እንደገና መቅረብ አለበት፤ ስለዚህ ቀድሞ መለካት ከወረፋም ከወጪም ያድናል።

ታክሲ ለሚነዳ ሰው ጉዳዩ ከዚህም ይሰፋል። መኪናው እንጀራው ነው፤ ከኋላ ወንበር የሚቀመጠውም ሰው ነፍሱን አደራ ብሎ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መፍቻ ማንሳት አይደለም። መኪናው ከአራቱ ዓይነቶች የትኛው እንደሆነ ማወቅ፣ መጽሐፉን መክፈት፣ ካልገባም መጠየቅ ነው። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለሻሽ ነበር፤ ለፒስተንም ይሠራል። አውቆ የሚሠራ ሰው ገንዘቡን ይቆጥባል፤ መሣሪያው ስለሌለው ለባለሙያ የከፈለ ሰውም አልተታለለም። ሁለቱም ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ ፍሬኑ ይይዝላቸዋል።